«ስሟን ቀይሬዋለሁ» – ከማን ለመሸፈን?

የግል ማስታወሻን በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ማጋራት ልማድ ሆኗል። ድሮ ደብተር ላይ ተጽፎ ከፍራሽ ሥር ይደበቅ የነበረው የቀን ውሎ ዛሬ ማታ ይለጠፋል፤ ሲነጋ ሺህ ሰው አንብቦታል። የፍቅር መለያየት፣ ከሥራ መባረር፣ ከሱስ ጋር መታገል፣ የስደት መንገድ፣ ከእናት ጋር የቆየ ቅያሜ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሰው የራሱን ቁስል አውጥቶ ማሳየቱ ድፍረት ይጠይቃል። ያንኑ ሕመም ተሸክሞ ዝም ላለው አንባቢም «ብቻህን አይደለህም» የሚል መልእክት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አራተኛው ወይም አምስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ጸሐፊው ስለራሱ ሲያወራ ቆይቶ ጓደኛው ትገባለች። «አንዲት የልብ ጓደኛ አለችኝ፤ ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ሰላም እንበላት…» ከዚያ ወዲያ የሰላም ያልታወቀ ጽንስ፣ የሰላም ባል ዱላ፣ የሰላም የደም ምርመራ ውጤት፣ የሰላም አባት ዕዳ በተራ በተራ ይዘረገፋል። ሰላም ይህን የተናገረችው ለአንድ ሰው ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የቻናሉን ተከታዮች አታውቃቸውም። እነሱ ያውቁላት ዘንድም አልጠየቀችም።

«ስሟን ቀይሬዋለሁ» የምትለው ዐረፍተ ነገር የጸሐፊውን ኅሊና ታሳርፋለች። ሰላምን ግን ከማንም አትሸፍናትም። ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቻናሉ 5,000 ተከታይ አለው እንበል። 4,980ው ሰላምን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ለእነዚህ ሰዎች እውነተኛ ስሟ ከነአባቷ ቢጻፍም ትርጉም የለውም፤ ነገ መንገድ ላይ ቢያልፏት አያውቋትም። የቀሩት 20 ሰዎች ግን የጸሐፊው የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች፣ የሰፈር ልጆች፣ የሰላም የአክስት ልጅ፣ የቢሮ ባልደረባዋና የቀድሞ ፍቅረኛዋ ናቸው። እነሱ ስም አያስፈልጋቸውም። «ሐዋሳ አብረን የተማርን፣ አሁን ባንክ የምትሠራ፣ አምና እናቷ ያረፈችባት» ከተባለ አበቃ።

ስለዚህ የስም ለውጥ የሚሸፍነው ሊጎዷት ከማይችሉት ሰዎች ነው። ትዳሯን ሊያናጉ፣ ከአለቃዋ ጋር ሊያጣሏት፣ ለቅሶ ቤት ሊያንሾካሹኩባት ለሚችሉት ለ20ዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ ይሰጣታል። የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ በሩን ለሌባ ክፍት ትቶ መስኮቱን እንደ መቆለፍ ነው።

በሀበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ፣ በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በእከሌ ልጅነቱ፣ በእከሊት እኅትነቱ ነው። ሁለት ሐበሾች ዋሽንግተን ወይም ቴልአቪቭ ተገናኝተው ጥቂት ደቂቃ ካወሩ የጋራ ትውውቅ ይወጣቸዋል። እንዲህ ተሳስሮ በሚኖር ሕዝብ መካከል «ሰላም እንበላት» ማለት መደበቅ ሳይሆን እንቆቅልሽ መስጠት ነው። መልሱም ብዙ አይቆይም።

«የእኔም ሕይወት ነው»

የመጀመሪያው መከላከያ ይኸው ነው። «ስለ እሷ አይደለም የጻፍኩት፣ ስለ ራሴ ነው፤ አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የራሴን ትዝታ ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።» ሲሰሙት ያሳምናል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ይኸው ክርክር ፍርድ ቤት ቀርቦ ተሸንፏል።

ሎሪና ማኬኒት የታወቀች ካናዳዊት ዘፋኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የቅርብ ጓደኛዋ የነበረች ሴት ስለ ጓደኝነታቸው መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉ ውስጥ የዘፋኟ ጤና፣ በውኃ አደጋ የሞተው እጮኛዋ ያወረሳት ሐዘን፣ የቤቷ ሁኔታ ተጽፎ ነበር። ዘፋኟ ከሰሰች። የጸሐፊዋ መከራከሪያ «ይህ የእኔም ታሪክ ነው» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለዘፋኟ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2006 አጸናው። ዳኞቹ ያዩት ነገር ቀላል ነው፦ ጸሐፊዋ ያንን ሁሉ ልታውቅ የቻለችው ጓደኛ ስለነበረች፣ ጓደኛም ስለታመነች ነው። ምስጢሩ የመጣው በእምነት በር ነው፤ በዚያው በር ገብቶ በገበያ በር ሊወጣ አይችልም።

በዚያ ክስ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። ዘፋኟ ራሷ ስለ እጮኛዋ ሞት በአደባባይ ተናግራ ነበር፤ ስለ ውኃ ላይ አደጋ ሰዎችን ለማስተማር። ተከራካሪዎቿ «አንዴ ራሷ ከተናገረች በኋላ ምኑ ምስጢር ነው?» አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ሰው ከሐዘኑ አንድ ክፍል መርጦ ስላሳየ ሌላው ሁሉ የሕዝብ አይሆንም። ይህ ነጥብ ዛሬ ለብዙ ማስታወሻ ጸሐፊ ይሠራል። «እሷም እኮ ስለ ፍቺዋ በፌስቡክ ጽፋለች» የሚለው ምክንያት ስለ ፍቺዋ ያልጻፈችውን ለመጻፍ ፈቃድ አይሆንም።

የራስ ትዝታ የራስ ነው፤ እውነት ነው። ሰው ደብተሩ ላይ የፈለገውን ይጻፍ፤ ጓደኛውን ይሳደብ፣ ያልቅስላት፣ ይጠርጥራት። ደብተር ለዚያ ነው። መጻፍ ግን አንድ ነገር ነው፤ ማሰራጨት ሌላ። «የመጻፍ ነጻነቴን ተነጠቅሁ» የሚለው ሰው የሚያወራው ስለ መጻፍ ሳይሆን ስለ መለጠፍ ነው። ሁለቱን ሆን ብሎ እየቀላቀለ ነው።

«መጥፎ ነገር አልጻፍኩም»

ሁለተኛው መከላከያ የዋህ ይመስላል። «ያወደስኳት እኮ ነው! ጀግና መሆኗን ነው የጻፍኩት!» ካንሰርን ታግላ ያሸነፈች፣ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ያልተሰበረች፣ ከአስገድዶ መድፈር ተነሥታ ዲግሪዋን የያዘች። ጸሐፊው በእንባ ጽፎታል፣ አንባቢው በእንባ አንብቦታል፣ አስተያየት መስጫው በልብ ምልክት ተሞልቷል። አዲሱ የሥራ ቦታዋ ላይ ማንም የማያውቀውን ታሪኳን ባልደረቦቿ በስልካቸው ሲቀባበሉት ያየችው ሰላም ብቻ ናት ልብ ያልላከችው።

ስዊድን ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነች ሴት እ.ኤ.አ. በ1998 ቤቷ ሆና የኢንተርኔት ገጽ ሠራች። በገጹ ላይ አብረዋት ስለሚያገለግሉ 18 ባልደረቦቿ እያዋዛች ጻፈች፤ ሥራቸውን፣ የትርፍ ጊዜ ልማዳቸውን፣ የቤተሰብ ሁኔታቸውን። ከመካከላቸው አንዷ እግሯን ተጎድታ በሕመም ምክንያት ግማሽ ቀን ብቻ እንደምትሠራም ጠቀሰች። ክፋት አልነበረባትም። አንዳንዶቹ እንዳልወደዱት ስትሰማም ገጹን አነሣችው። ቢሆንም ተከሰሰች፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2003 በሰጠው ብያኔ፣ ቁጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ ሊያየው በሚችል ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር «የግልና የቤት ውስጥ ጉዳይ» ሊባል እንደማይችል ወሰነ። ያቺ የተጎዳች እግርም የጤና መረጃ ናት አለ።

አንዲት እግር! ሰማዩ አልተደፋም፤ ትዳር አልፈረሰም። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ግን የጽሑፉን ቅንነት አይደለም። የእግሩ ባለቤት ማን እንደሆነች ነው። ዛሬ በቻናሎች ከሚለጠፈው የጓደኛ ጽንስ፣ የጓደኛ ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ የጓደኛ የአእምሮ ሕመም ጋር ሲተያይ ያቺ እግር ምን ያህል ቀላል ነበረች!

«ቡና ላይስ ይወራ የለ?»

ሐበሻ ወሬ ይወዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከአቦል እስከ በረካ የስንቱ ገመና ይነሣል። «ታዲያ ቴሌግራም ላይ ሲሆን ምን ለየው?» የሚል አለ።

የሚለየው ይህ ነው። የቡና ወሬ ሰሚው ይታወቃል፤ አራት ጎረቤት ነው። ተናጋሪዋ የሰሚዎቹን ፊት እያየች ታወራለች፤ አንዷ ስትኮሳተር ነገሩን ታጥፈዋለች። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይዛባል፣ ይደበዝዛል፣ «ውሸት ነው» ተብሎም ይካዳል። ያወራችውም ሴት «ሐሜተኛ» ተብላ ዋጋዋን ትከፍላለች። የተለጠፈ ጽሑፍ ግን አይደበዝዝም። ሰዓትና ቀን አለው፣ ይፈለጋል፣ ይገኛል። ጸሐፊው ተጸጽቶ ከቻናሉ ቢያጠፋው ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ እዚያው ይቀራል፤ ስክሪንሾቱ ደግሞ በማን ስልክ እንዳለ አይታወቅም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያለ ሰው ስለ ቃል ብቻ ነበር የሚያወራው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጸሐፊው ሐሜተኛ አይባልም፤ «ግልጽ ሰው»፣ «ልብ የሚነካ ብዕር» ይባላል። ያው ወሬ ነው፤ ቡናው ብቻ ቀርቷል።

ድንበር ሲሻገር

አገር ቤት የሚያስከፍለው ዋጋ ሐፍረትና ቅያሜ ከሆነ፣ ስደት ላይ ላለ ሰው ዋጋው እንጀራና ነጻነት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከቤት የወጣች ሴት እንደ ጠፋች ትቆጠራለች፤ ሳዑዲ ያሉ እኅቶች «ሁሩብ» የሚለውን ቃል አሳምረው ያውቁታል። እንግዲህ አንዲት ልጅ የሪያድ ኑሮዋን በማስታወሻ መልክ እያጋራች ነው እንበል። «ከአሠሪዋ የጠፋች አንዲት ጓደኛዬ ከእኛ ጋር ተጠግታለች፤ ከእከሌ ሱቅ ጀርባ ነው የምንኖረው፤ ፀጉር ቤት ጀምራለች» ብላ ጻፈች። ነገሩ ፍቅር ነው፣ ኩራት ነው። አንብቦ ለፖሊስ የሚያቀብል አንድ ቂመኛ ግን ይበቃል።

በአውሮፓም እንዲሁ ነው። በደብሊን ደንብ አሠራር አንድ ስደተኛ መጀመሪያ የገባበት አገር ጉዳዩን የትኛው መንግሥት እንደሚያየው ሊወስን ይችላል። «ላምፔዱዛ ስንደርስ ከሰላም ጋር ተቃቅፈን አለቀስን» የሚል የጉዞ ማስታወሻ ለአንባቢ የጽናት ታሪክ ነው፤ ጉዳዩዋ በሌላ አገር እየታየ ላለችው ሰላም ግን የማትፈልገው ምስክር ነው። የአሜሪካ ቪዛ የሚጠይቅ ሰውም፣ ዲቪ የደረሰውን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ላለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ መለያዎች በቅጹ ላይ እንዲሞላ ይጠየቃል። ጓደኛው ታግ ያደረገበት ጽሑፍ ገጹ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል።

ጓደኛ ስለ ጓደኛው ጉዳይ ሁሉንም አያውቅም። ለየትኛው ቢሮ ምን እንዳለች፣ ከማን እንደምትሸሽ፣ ቤተሰቧ ምን እንደተነገራቸው አያውቅም። የማያውቀውን አደጋ መዝኖ «ምንም አይደለም» ማለት የሚችለው እንዴት ነው?

«ገመና መሸፈን ነው ያጠፋን»

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ በቸልታ መታለፍም የለበትም። በዚህ ማኅበረሰብ «ገመና» የሚለው ቃል ብዙ ግፍ ሸፍኗል። ባል ሲደበድብ ገመና ነው፣ አጎት ልጅ ሲደፍር ገመና ነው፣ መምህር ተማሪውን ሲያዋርድ ገመና ነው። ዝም በሉ ተብለው ዝም ያሉ ሴቶች ቁጥር ስፍር የለውም። ዛሬ አፋቸውን ሲከፍቱ «የሰው ምስጢር አታውጡ» ማለት ዱላውን ለደብዳቢው መልሶ መስጠት አይሆንም ወይ?

ይሆናል፤ የተደበደበችውን ሴት ዝም በይ ከተባለ። እዚህ የሚባለው ግን እሱ አይደለም። የተደበደበችው ስለ ደብዳቢዋ ትጻፍ፤ ቁስሉ የእሷ ነው፣ ለአጥፊዋ የምትጠብቀው አደራም የላትም። የተደበደበችውን ጓደኛ ቁስል ያለ ፈቃዷ የሚያወጣው ሰው ግን ዝምታን እየሰበረ አይደለም። እንድትናገር ወይም እንዳትናገር የመምረጥ መብቷን እየነጠቀ ነው፤ ባሏም የነጠቃት ይህንኑ ነበር። ደግሞስ ጽሑፉን ባሏ ቢያነበው ማታ ቤት የምትገባው ማን ናት?

ሥነ ጽሑፍም ቢሆን እውነተኛ ሰዎችን ሳይነካ አይኖርም የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» በሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎችን አንባቢ በሚለያቸው ገጸ ባሕርያት አቀረበ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የጻፈው ስለ ኃይለኞች ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ራሱ ነው። የጓደኛን ምስጢር የሚለጥፍ ሰው ግን የሚጽፈው ከእሱ ይልቅ ደካማ ስለሆነች ሰው ነው፤ ጭብጨባውን እሱ ይወስዳል፣ ዋጋውን እሷ ትከፍላለች። ድፍረት ማለት ሌላውን አስከፍሎ መደነቅ ከሆነ ትርጉሙ ተለውጧል።

የስልክ ጠለፋና ስክሪንሾት

በጣም የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። መንግሥት የሰው ስልክ ፈተሸ ሲባል «የግል ሕይወት የመከበር መብት ተጣሰ» ብሎ የሚጮኸው ቻናል፣ በማግስቱ የጓደኛን የውስጥ መልእክት ስክሪንሾት አድርጎ ይለጥፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የግል ጽሑፎችንና በደብዳቤም ሆነ በስልክ የሚደረጉ መጻጻፎችን ያስከብራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 ደግሞ ምስጢርነት ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል። ልብ መባል ያለበት፣ ክልከላው የወደቀው ደብዳቤውን በሰረቀው ላይ ሳይሆን በትክክል በተላከለት ሰው ላይ ነው። ወረቀቱ በእጁ ነው፤ ቃሉ ግን የላኪው ነው። የዛሬው የቴሌግራም መልእክት ከዚያ ደብዳቤ በምን ይለያል? በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች።

ሕጉ አለ ማለት ግን ሰላም ትከሳለች ማለት አይደለም። ማን ጓደኛውን ይከሳል? ቢከስስ ደግሞ ነገሩን ያላነበበው ሁሉ ሊያነበው ነው። ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የፈረሰ ትዳር በፍርድ አይጠገንም። ለዚህ ነው ነገሩ ዞሮ ዞሮ አደራ ላይ የሚወድቀው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። አደራ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ፖሊስ ስላለ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጻፍ አይቁም። የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው። ጓደኛ ያለችበት ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት ለእሷ ይላክላት። «ስለ አንቺ ልጽፍ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰው «እሺ» የሚለው ስላላየው ነገር ነው። ጽሑፉን እንዳለ ታንብበው፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይሰጣት። ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃድ አይደለም። ያንን መስመር አውጣው ካለች ይውጣ፤ ሁሉንም ተወው ካለች ይቅር። ከዓመት በኋላ «አጥፋልኝ» ብትል ያለ ክርክር ይጥፋ፤ ያን ጊዜ ያላገባች ዛሬ አግብታ፣ ያን ጊዜ ልጅ ያልነበራት ዛሬ ማንበብ የሚችል ልጅ ሊኖራት ይችላል።

ፈቃድ የማይገኝበት ጊዜም አለ፤ ጓደኝነቱ ተቋርጧል ወይም ሰውየው ሞቷል። ያን ጊዜ ስም ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ከተማው፣ ሥራው፣ ዓመቱ፣ የሕመሙ ዓይነት ይቀየር። ከዚያም ጽሑፉ እነዚያ 20 ሰዎች እንደሚያነቡት ታስቦ ይነበብ። ለይተው ካወቋት አልተደበቀችም። ሳትታወቅ ታሪኩ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ታሪኩ የጸሐፊው አልነበረም፤ የእሷ ነበር።

የቻናል አስተዳዳሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። «በውስጥ መስመር የደረሰን» እያሉ የሚለጥፉት ታሪክ የላኪው ስም ተሸፍኗል፤ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሦስተኛዋ ሰው ግን ተስማምታ እንደሆነ ማን ጠየቀ? አንድ ጥያቄ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ይወስዳል።

አንባቢም አለበት። ከእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሥር «ማን ናት? ፍንጭ ስጡን!» ብሎ የሚጽፈው ሰው፣ አውቋት «እኔ አወቅኳት» ብሎ የሚኩራራው፣ ስክሪንሾት አድርጎ ለአክስቷ ልጅ የሚልከው ሁሉ የሥራው ተካፋይ ነው። እነዚያ 20 ሰዎች ከየትም አይመጡም፤ ከተከታዮቹ መካከል ናቸው። አንዱ ወይም አንዷ ዛሬ ማታ ቻናል ከፍተው የሚያውቋትን ሰው በሌላ ስም ያገኟት ይሆናል። ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ነገር ሁለት ነው፦ ለማንም አለማስተላለፍ፣ ለጸሐፊውም በውስጥ መስመር «ታውቃለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ።